ወንፊት ያልነካው ዳቦ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ የሚመጣ ሰው ሁሉ ጨውና ላምባውን ከመጠየቁ በፊት «እንዴት ነበር አገሩ?» ይለኛል። ያንኑ ወሬ ለእያንዳንዱ ስደጋግም አፌ ዛለ። ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ ሐውልትና ስለ ትልልቅ ፎቅ እሰማለሁ የሚል ካለ ግን ከወዲሁ ተስፋ ይቁረጥ፤ እኔ እዚያ ያየሁት በአብዛኛው ዱቄት ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ባለፈው ክረምት ነው። ውሃ ጠጥቼ አልረካ አልኩ፤ ሌሊት ስመላለስ ባለቤቴን ዘይነባን እንቅልፍ ነሳኋት፤ ይባስ ብሎ ከባንኮኒው ማዶ የቆመውን ሰው መልክ መለየት እያቃተኝ መጣ። የክሊኒካችን ድሬሰር ሽንቴን መርምሮ «ስኳር ነው» አለኝ። በኮታ እንኳ ለሰው የማይዳረሰው ስኳር እኔ ዘንድ ተርፎ መፍሰሱ አሳቀኝ። እሱ አልሳቀም። ነጭ ዳቦ ተው፣ ከበላህም ያልተነፋ ገብስ ብላ፣ አዲስ አበባ ሄደህም ታይ አለኝ። ክኒንና ምግብ ካልመለሱት በየቀኑ መርፌ መወጋት ሊመጣ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ በእኛ ከተማ ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር የለም።

ነገሩ ሲጨመቅ እንዲህ ነበር። መርፌው ከታዘዘልኝ ሱቄን ዘግቼ፣ የእንሰት ጓሮዬን ትቼ፣ ሆስፒታል ያለበት ከተማ መኖር አለብኝ። ዘይነባ አልጋ ላይ የዋለች እናቷን ጥላ አትመጣም። በዚህ ዕድሜዬ ሚስቴን በዓመት አንዴ የምጠይቅ ሰው ልሆን ነው ማለት ነው። አውቶቡስ የተሳፈርኩት ይህን እያሰብኩ ነው፤ ፈርቼ ነበር፤ ለማንም ግን አልነገርኩም።

ሰኞ

ዘይነባ ስንቄን ያዘጋጀችው ወደ ዘመቻ የምሄድ ይመስል ነው። ያልተነፋ የገብስ ዱቄት በከረጢት፣ ባቄላ በጨርቅ፣ ለመንገድ ደግሞ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ። «እህትህ ቤት ስትደርስ ከዚህ ዱቄት ብቻ ጋግሪልኝ በላት» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። አቧራው በመስኮት ይገባል፣ መስኮቱ ሲዘጋ ሙቀቱ ይገድላል፣ ስለዚህ ተሳፋሪው ግማሹ ክፈቱ ግማሹ ዝጉ እያለ ሲጨቃጨቅ አዲስ አበባ ይደረሳል። ከከተማው አፋፍ ያለው ኬላ ላይ ግን ሁላችንም ዝም አልን። ገመዱ መንገዱን ዘግቶ ተወጥሯል። አንድ ወጣት ጠባቂ ወደ ውስጥ ገብቶ ዕቃ ሲፈትሽ እኔ ዘንድ ደረሰ።

«ይሄ ምንድነው አባቴ?»

«ዱቄት ነው ልጄ። የበሽተኛ ቀለብ ነው።»

«እህል ያለ ፈቃድ አይገባም።»

«እህል እኮ አይደለም፤ ተፈጭቷል።»

«ተፈጭቶ ጭራሽ?» አለና ከረጢቱን ለበታቹ አቀበለው። ባቄላውም ተከተለ። ቆጮዬን ፈታ፣ አሸተተ፣ ፊቱን አጨፈገገና መለሰልኝ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። እኔ ግን የሳምንት ምግቤ ከሌላው ሰው ጆንያ ጋር ሲከመር እያየሁ ገመዱ ተፈትቶ አለፍን።

አውቶቡስ ተራ የጠበቀኝ የእህቴ ባል ከድር ነው። ታክሲ ነጂ ነው፤ አራት ሰው ሲጫንባት የምታቃስት ሰይቼንቶ የሚሏት ትንሽ መኪና አለችው። መርካቶን አቋርጠን የካ ሚካኤል ሰፈር ስንደርስ መሽቶ ነበር። በእኛ አገር በአንዱ ቤትና በሌላው መካከል እንሰት አለ፤ የጎረቤት ጠብ የሚሰማው ቅጠሉን አልፎ ከመጣ ነው። እዚህ አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ቤት ተያይዞ ተሠርቷል። ሳስነጥስ ከግድግዳው ማዶ «ይማርዎ» የሚል የማላውቀው ሰው ድምፅ መጣ።

እህቴ ዘሃራ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። የመጨረሻ ልጃችን ናት፤ ከተዳረች ጀምሮ ቤቷ ስመጣ የመጀመሪያዬ ነው። ሻይ አፈላችና ከአልጋ ሥር አንድ ቆርቆሮ ጎትታ አወጣች። ክዳኑን ስትከፍተው እስከ አፉ ስኳር ነው።

«ጋሼ ይመጣል ብዬ ከዒድ ወዲህ ኮታችንን አልነካሁትም» አለችኝ።

ሕመሜን በደብዳቤ አልጻፍኩላትም ነበር። ያን ጊዜ ነገርኳት። ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች። ሻዬን መራራውን ጠጣሁ፤ ቆርቆሮው መሀላችን ተቀምጦ አመሸ።

ማክሰኞ

ሆስፒታሉ በር ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተሰለፍኩ። ያየችኝ ዶክተር ወጣት ሴት ናት፤ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ አይቆምላትም፣ በየቃሉ ትገፋዋለች። ምን እንደምበላ ጠየቀችኝ። ቆጮ፣ ጎመን፣ አይብ፣ ሱቅ ስውል ደግሞ ዳቦ በሻይ አልኳት።

«ቆጮውን ምን ያህል ይበላሉ?»

«እስክጠግብ።»

«እንጀራስ ሲያገኙ?»

«እሱንም እስክጠግብ።»

ሳቀች። ከዚያ የተናገረችውን እስካሁን አልረሳሁትም። «እህል አልከለክልዎትም፤ ብከለክልዎትም አይሰሙኝም። ግን እስከ ዛሬ ወጡ እህሉን ሲያጅብ ነው የኖረው። ከአሁን በኋላ እህሉ ወጡን ያጅብ። ዳቦም ሆነ ቆጮ ከመዳፍዎ አይብለጥ፤ ሆድዎን የሚሞላው ጎመኑ፣ ባቄላው፣ ምስሩ ይሁን። ዱቄቱ ደግሞ ከነፉርሽካው ይሁን። የተነፋ ዱቄት ቶሎ ስኳር ይሆናል።»

«ፉርሽካ እኮ ለከብት ነው የሚሰጠው» አልኳት።

«ከብቶቹ ስኳር የለባቸውም» አለችኝ።

የሚዋጥ ክኒን፣ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለባት ጠርሙስና ቀጭን የመስታወት ቱቦ ሰጠችኝ። ጠዋት ጠዋት ከፈሳሹ ቱቦው ውስጥ አድርጌ፣ ጥቂት ጠብታ ሽንት ጨምሬ እሳት ላይ አፈላዋለሁ። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ስኳር የለም። አረንጓዴ ከሆነ ትንሽ አለ፤ ቢጫ ከሆነ ጨምሯል፤ እንደ ሸክላ ከቀላ ብዙ ነው። የዚያን ቀን የእኔ ሸክላ ነበር። «በሚመጣው ማክሰኞ ይምጡ። እንዲሁ ቀይ ሆኖ ከዘለቀ መርፌውን እንጀምራለን» አለች።

ማታ ለዘሃራ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። መርፌ ከተጀመረ አገሬ እንደማልኖርም ነገርኳት። «ከነፉርሽካው?» ብላ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ ነገር ሳትል ወደ ማድ ቤት ሄደች።

ረቡዕ

ገብስ ፍለጋ ከዘሃራ ጋር ሾላ ገበያ ወጣን። በዚያ ሰሞን የቀበሌው ሱቅ ያመጣው መኮሮኒና የስንዴ ዱቄት ነው፤ ሰልፉ ከሱቁ በር ጀምሮ ዞሮ መንገዱ ላይ ይወጣል። ሁለቱም ለእኔ ስለማይሆኑ አለፍናቸው። የአዲስ አበባ ሰው ሰልፍ ላይ ሲቆም አይቸኩልም፤ ይተዋወቃል፣ ልጅ ይድራል፣ ይጣላል። እኛ ዘንድ ሰው የሚሰለፈው ለቀብር ብቻ ነው። ገብሱን ገዝተን ወፍጮ ቤት ሰጠን።

ማታ ዳቦው ቀረበ። ለስላሳ፣ ነጣ ያለ፣ ሲቆርሱት የማይፈረፈር ዳቦ። የእኛ አገር ገብስ ጠቁሮ፣ ጉሮሮ እየቧጠጠ ነው የሚወርደው። እኔ ዳቦ በልቼ እንጂ ጋግሬ ስለማላውቅ የአዲስ አበባን ወፍጮ አደነቅኩ። መዳፌን ዘርግቼ ለክቼ በላሁ፤ ጎመንም ምስርም ጨመርኩ። ከድር ግን በላዩ ላይ አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አመጣ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ በሞቴ።»

«ከድር፣ ሐኪሟ መዳፍ ነው ያለችው።»

«ይሄ የእኔ መዳፍ ነው፤ የእርስዎ አይደለም» አለኝ። በዚህ ክርክር እሱን የሚረታ ስላልነበረ ጎረስኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ቱቦውን ቡታጋዝ ላይ አፈላሁት። ቀላ።

በዚያው ቀን አንድ አደጋም ደረሰብኝ። ከውጭ ስመለስ ዘሃራ ነጠላዋን ዘፍዝፋ ጠርሙሴን ከፍታ ልትደፋበት እጇን ዘርግታለች። ለነጭ ልብስ የሚጨመረው ሰማያዊ መስሏት ነው። ጮኼ ቀማኋት፤ ምን እንደሆነ ስነግራት እጇን በሳሙና ሦስቴ ታጠበች፣ ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ እስኪያማት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ጠርሙሷንና ቱቦዋን ከኮቴ ኪስ አላወጣኋቸውም።

ጎረቤቶች የዘሃራን ወንድም እንኳን ደህና መጣህ ሊሉ እየተፈራረቁ ገቡ። ዶሮ የምታረባ አንዲት ጎረቤት በሳህን መኮሮኒ ሠርታ አመጣች። ሰልፍ ቆማ ያገኘችውን ለማታውቀው ሰው መስጠቷ ልቤን ነካው። ጥቂት ቀመስኩና የቀረውን ከድር በላው። የዚህች ሴት ዶሮዎች ነገረ ሥራቸው ይገርመኝ ነበር፤ ባለቤታቸውን ትተው ጠዋት ጠዋት የዘሃራን ደጃፍ ይከባሉ። የእህቴ እጅ ለጋስ ነው ብዬ አለፍኩት።

ዓርብ

አሁንም ቀይ። ከጁምዓ ሶላት ያንኑ እያሰላሰልኩ ተመለስኩ። መዳፌን እየለካሁ፣ ገብስ እየበላሁ፣ ስኳር ሳልነካ ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። ማታ ለከድር በግልጽ ነገርኩት፤ መርፌው እንደማይቀርልኝ ገብቶኛል አልኩት።

ከድር ጢሙን እየፈተለ አሰበ። «ገብሱ ይሆናል» አለ። «የሾላ ነጋዴ ስንዴ ቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። እንጦጦ ላይ ወልዴ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ ድሮ ታክሲ አብረን ነድተናል፣ አሁን የደን ጥበቃ ነው። የሚስቱ ዘመዶች ከሱሉልታ ንጹሕ ገብስ ያመጡላቸዋል። ነገ እንሂድ፤ አየርም ይቀይራሉ።»

ዘሃራ ከጓዳ ድስቱን በኃይል ስትከድነው ሰማሁ። «እሱም ጥሩ ነው» አለች፤ ፊቷን ግን አላሳየችንም።

ቅዳሜ

ሰይቼንቶዋ ሽሮ ሜዳ ድረስ ወንድ ሆና ወሰደችን። ዳገቱ ሲጀምር ከኋላዋ መጭስ ጀመረች። ከድር ወርዶ ክዳኑን ሲከፍት ውሃው ይንፈቀፈቃል። ከአንድ ሱቅ ውሃ ለምነን አፈሰስንባት፣ ጠበቅናት፣ ገፋናት፤ እሷ ግን ወደ ላይ ላለመሄድ ቆርጣለች። ለባለ ሱቁ አደራ ብለን በእግር ቀጠልን።

የካ የኖረ ሰው እንጦጦን ከታች ነው የሚያየው፤ ከላይ ሲታይ ሌላ ነው። ባሕር ዛፉ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ ይሄዳል፣ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ያልፉናል፣ የፀበል ጀሪካን የያዙ በሽተኞች ደግሞ ሽቅብ ከእኛ ጋር ይወጣሉ። ብርዱ የእኛን ተራራ ያስታውሳል፤ የጎደለው እንሰቱ ነው። አንዲት ሴትዮ «እርስዎም ለፀበል ነው?» አለችኝ። «ለገብስ ነው» ስላት ቆማ አየችኝ።

ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ስንደርስ የበልጉ ዝናብ ወረደብን። ወልዴ ቤት የገባነው ከፀጉራችን እስከ ጫማችን ርሰን ነው። ወልዴ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከድርን አቅፎ «አንተ፣ ዝናብ ካላባረረህ አትመጣም» አለው። ለእኔ ደረቅ ጋቢ ሰጠኝ። የዐስር ሶላት መድረሱን ከድር ሲነግረው አዲስ አጎዛ አውጥቶ አነጠፈልንና በሩን ገርበብ አድርጎ ወጣ። ዝናቡ ውስጥ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆሞ እስክንጨርስ ጠበቀን። ይህን የሚያደርግ ሰው በየትም አገር ብዙ አይደለም።

ዝናቡ ስላላቆመ እዚያው እንድናድር ተወሰነ። ሁዳዴ ጾም ስለነበር የምግብ ነገርም አላስቸገረም። በሌላ ጊዜ ቢሆን እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም፤ እንግዳና ባለቤት ሲተፋፈሩ ያመሻሉ። ጾሙ ሁላችንንም ገላገለን።

የወልዴ ሚስት ወይዘሮ አሰለፈች ግን ከገባን ጀምሮ አንድ ነገር ከንክኗታል። ዱቄቱን ይዛ ብቅ ትላለች፣ ትመለሳለች፣ ከባሏ ጋር ትንሾካሾካለች። በመጨረሻ ነጠላዋን ደርባ ዝናቡ ውስጥ ልትወጣ ስትል ወልዴ ያዛት።

«ወዴት ነው?»

«ወንፊቱን ላምጣ። ጎረቤት ለተዝካር ወስዳዋለች። እንግዳ ተቀምጦ ምን ልጋግር?»

«በዚህ ዝናብ? የተገኘውን ጋግሪና አምጪ።»

ዳቦው ሲቀርብ ጥቁር ነው። ሲቆረስ ይፈረፈራል፣ ፉርሽካው በዓይን ይታያል። ጎኑ ጎመንና የባቄላ ንፍሮ ነበረ። ወይዘሮ አሰለፈች ሳህኑን ስታስቀምጥ ቀና ብላ አላየችንም። «ወንድሜ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንዲህ ያለ ዳቦ ለሰው አቅርቤ አላውቅም። ወንፊት አጥቼ ነው» አለችኝ። ስንበላም ደገመችው፣ እጃችንን ስንታጠብም ሠለሰችው። እኔ አፌ ውስጥ ያለውን አኝኬ ለመዋጥ ጊዜ ስለፈጀብኝ መልስ መስጠት አልቻልኩም። መዳፌን ሳልሞላ ጠገብኩ። ዘይነባ የምትጋግረው ዳቦ ጣዕም ነበረው፤ ቤቴ ናፈቀኝ።

እሁድ

ጠዋት ባልና ሚስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ከድር ተኝቷል። ጠርሙሷን ከኪሴ አውጥቼ ቱቦዋን ምድጃው ፍም ላይ ያዝኳት። ፈሳሹ ተንፈቀፈቀ። አረንጓዴ ሆነ። ትንሽ ጠበቅሁ፤ ይቀላል ብዬ። አልቀላም። እንደገና ሠራሁት፤ እንደ ጓሮዬ የእንሰት ቅጠል አረንጓዴ። ከድርን ቀስቅሼ አሳየሁት። ዓይኑን እያሸ «አልሐምዱሊላህ፤ ይሄ ምንድነው?» አለኝ።

ወይዘሮ አሰለፈች ስትመለስ ስለ ዳቦው ጠየቅኳት። ልወቅሳት መስሏት ደነገጠች። «አልነፋሁትም ብዬዎት አልነበር?» አለች። ያን ጊዜ አንድ ነገር በአእምሮዬ ብልጭ አለ፤ ወዲያው ግን ዘሃራን እንዲህ ማሰብ ከበደኝ። ወልዴ ትንሽ ከረጢት ገብስ አሸክሞን፣ ቁልቁል ወርደን፣ ቀዝቅዛ ከምትጠብቀን ሰይቼንቶ ጋር ታርቀን የካ ገባን።

ግቢው ስንገባ ዶሮዎቹ ዘሃራን ከበዋል። ከሰፌድ ላይ እፍኝ እፍኝ እያነሳች ትበትንላቸዋለች። ጎንበስ ብዬ ከመሬት አነሳሁት። ፉርሽካ ነው፤ የገብስ ፉርሽካ። የእኔን መድኃኒት ሳምንቱን ሙሉ ዶሮዎቹ ሲበሉት ከርመዋል።

«ዘሃራ፣ ይሄ ከየት መጣ?»

ሰፌዱን ከኋላዋ ደበቀች።

«ከእኔ ዱቄት ነው?»

«ከአንተ ዱቄት ነው።»

ተቆጣሁ። ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ጮህኩባት፤ ከግድግዳው ማዶ የሚያወራው ሰው ዝም ሲል ነው ድምፄ የታወቀኝ። ዘሃራ ወደ ውስጥ ጎተተችኝና በሩን ዘጋች።

«ነፋሁት» አለች። «ሁለት ጊዜ ነፋሁት። ስንት ዓመት ሙሉ ና ስልህ ቆይተህ መጣህ፤ ሳልነፋ ላቦካው ስል እጄ እምቢ አለኝ። እናታችን ያልተነፋ ለቀን ሠራተኛ እንኳ አትሰጥም ነበር። ይሄ ግቢ ደግሞ ሁሉም ያያል። ወንድሟን የዶሮ ቀለብ አበላችው ሊሉኝ ነው።»

«መርፌ ከተጀመረ አገሬ እንደማልኖር ነግሬሻለሁ።»

«ነግረኸኛል።» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አውቄ አይደለም፣ ጋሼ፤ ወላሂ አውቄ አይደለም። ግን እዚህ ብትቀርም አይከፋኝም ነበር። በዚህ ከተማ ከእኔ ወገን አንድም ሰው የለኝም።»

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እኔ ሚስቴን እንዳላጣ ስጨነቅ እሷ ወንድም አጥታ መኖሯ ትዝ ብሎኝ እንደማያውቅ አሰብኩ፤ አዘንኩ። ከድር በሩን ከፍቶ አየን፣ አየንና «ዶሮዎቹን ማን ይቀልባቸዋል እንግዲህ?» አለ። ዘሃራ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። በዚያው ማታ የወልዴን ገብስ አስፈጭታ ወንፊቱ ከተሰቀለበት ሳይወርድ አቦካች።

ሰኞ

ዳቦው ጥቁር ሆኖ ወጣ። ዘሃራ ራቅ አድርጋ አየችው፤ ባለጌ ልጅ ያሳደገች ይመስል አፈረችበት። ምሳ ስንበላ ባለ ዶሮዋ ጎረቤት ሳታንኳኳ ገባች። የዘሃራ እጅ ነጠላዋን ይዞ ዳቦውን ሊሸፍን ሄደ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ከእኔ ሳህን ቆርሳ፣ ሴትዮዋ እያየቻት፣ አኝካ ዋጠችው። ለመዋጥ ተቸግራለች፤ እኔ አውቃለሁ።

«ቅመሽ» አለቻት። ጎረቤቷም ቀመሰች። «ዶሮዎቼ ለካ ደጃፍሽን የሚከቡት ይህን ብለው ነው» አለችና ስለ መኮሮኒው ሰልፍ ማውራት ጀመረች።

ማክሰኞ

ቱቦው ጠዋት ቤት ውስጥም ሆስፒታልም አረንጓዴ ነበረ፤ የሆስፒታሉ እንዲያውም ወደ ሰማያዊው ያደላ። ዶክተሯ መነጽሯን ገፋ አድርጋ «ምን አደረጉ?» አለችኝ። ዳገት መውጣቴን፣ ንፍሮውን፣ ዶሮዎቹን ነገርኳት። ዶሮዎቹ ላይ ስደርስ ብዕሯን አስቀምጣ ሳቀች።

«ዳቦው ብቻውን አይደለም» አለችኝ። «መንገዱም ረድቶዎታል፣ ባቄላውም ረድቶዎታል፣ ትንሽ መብላትዎም ረድቶዎታል። አንዱን ከተዉ ሌላው አይበቃም። ክኒኑን ይቀጥሉ፤ መርፌው ለጊዜው ይቆየን።»

«ቆጮስ?» አልኳት። ይህን ሳልጠይቅ አገሬ ብገባ ሰው አይሰማኝም።

«ቆጮ ፉርሽካ የለውም። ስለዚህ ከመዳፍም ይነስ። ግን ከብዙ ጎመንና ከአይብ ጋር ከሆነ ይብሉት፤ ከአገርዎ አላጣላዎትም።»

ማታ ዘሃራ ቆርቆሮውን ከአልጋ ሥር አወጣችው። ግቢውን በሙሉ ጠርታ ለሁሉም ስኳር ያለው ሻይ ቀዳች። እኔ መራራዬን ጠጣሁ። እንዲህ የጣፈጠኝ ሻይ አላስታውስም።

ረቡዕ

አውቶቡስ ተራ ላይ ዘሃራ በጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ ሰጠችኝ። ሰው እንዳያይባት በሁለት ጨርቅ ነው የጠቀለለችው። «ለዘይነባ ሰላም በልልኝ» አለች። «የወሰድኩባትን ባሏን መልሻለሁ በላት» ብላ ልትቀልድ ፈለገች፤ ግን መጨረስ አልቻለችም። በየዓመቱ እመጣለሁ አልኳት፤ ስኳሬ ባይጨምርም። እንደምመጣ እሷም አውቃለች።

ኬላው ላይ ገመዱ ተወጥሮ ጠበቀን። የገባው ጠባቂ ያው ዱቄቴን የወሰደው ወጣት ነው፤ አላስታወሰኝም። ቋጠሮዬን ፈታ። አንዱን ጨርቅ፣ ሁለተኛውን ጨርቅ። ሁለት ጊዜ ተጠቅልሎ ምን ዓይነት ነገር ሊያገኝ እንደሆነ ጓጉቷል። ዳቦውን ባየ ጊዜ ጣቱን በቅርፊቱ ላይ አሽቶ ፉርሽካውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አባቴ፣ ይሄን ያህል ከተማ ውስጥ ዘመድ የለዎትም እንዴ? ማን ነው ይሄን የሰጠዎት?»

«እህቴ ናት።»

አዘነልኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን አድርገዋት ነው?» አለኝ።

«ምንም። ወንድሟ አገሩ እንዲገባ ፈልጋ ነው» አልኩት።

አልገባውም። ጨርቆቹን ግን አንድ በአንድ መልሶ ጠቀለላቸው፣ ቋጠሮውን ጥብቅ አድርጎ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ፣ ከዚያ ወርዶ ገመዱን ፈታ።